ሕፃንና ቁጥር፦ የመማር ደስታ ምንጩ የት ነው?

ሕፃንን መሠረታዊ ሒሳብ፣ ማለትም መቁጠርን፣ መደመርን፣ መቀነስን፣ ማባዛትንና ማካፈልን በደስታ ማስተማር እንደሚገባ ዛሬ ብዙ ሰው የሚስማማበት አሳብ ቢሆንም፣ ደስታው ከየት ይምጣ የሚለው ጥያቄ በጥልቀት ሲመረመር የማስተማሪያ ዘዴን አልፎ ወደ ፍልስፍናና ወደ ሃይማኖት የሚዘልቅ ሆኖ ይገኛል። ቁጥር በባሕርዩ መራራ ከሆነ፣ ለልጁ የሚቀርበው ጨዋታና ሽልማት ኮሶን ለማስዋጥ እንደሚቀርብ ማር ይሆናል፤ ማሩ ባለቀ ጊዜም መራራው ብቻ ይቀራል። ቁጥር ራሱ አእምሮ እውነትን የሚያገኝበት ሥፍራ ከሆነ ግን፣ ደስታው ከነገሩ ከራሱ የሚፈልቅ ስለሆነ የወላጅ ሥራ ደስታን ፈጥሮ መጨመር ሳይሆን ልጁ ወደ ምንጩ እንዲደርስ መንገዱን መክፈት ነው። ይህ ጽሑፍ ሁለተኛውን አቋም ይዞ፣ ምክንያቱን ከአገራችን ኑሮ፣ ከቤተ ክርስቲያንና ከመስጊድ ትምህርት እንዲሁም ከጥንት ፈላስፎች እያመጣ ያስረዳል።

ጥያቄው በመካነ ሰላም ከተማና በዙሪያዋ ባሉት የደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋዎች፣ በቦረና፣ በወግዲ፣ በከላላ፣ በለጋምቦና በአማራ ሳይንት፣ ከመጽሐፍ ወጥቶ የኑሮ ጥያቄ ሆኗል። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የአገሪቱ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ነበር፤ ከዚያም የሰሜኑ ጦርነት፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት በክልሉ እጅግ ብዙ ሕፃናትን ከትምህርት ገበታ አራርቋል። በመካነ ሰላም የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አለ፤ ነገር ግን ዩኒቨርሲቲ የሚቀበለው ተማሪ የሚበቅለው በስድስትና በሰባት ዓመቱ መቁጠርን ከወደደ ሕፃን ስለሆነ፣ የትምህርት ቤቱ በር በተዘጋ ጊዜ ያ ፍቅር የሚተርፈው እናትና አባት፣ አያትና ታላቅ እኅት በቤት ውስጥ ሊያቆዩት ከቻሉ ብቻ ነው።

ቁጥር የጥላቻም የፍቅርም ምክንያት ሊሆን እንደሚችል ከአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ጎልቶ የሚታየው በሰሜን አፍሪካ ተወልዶ የሂፖ ጳጳስ በሆነው በአውግስጢኖስ (354–430 እ.ኤ.አ.) ዘንድ ነው። ኑዛዜ በተሰኘው መጽሐፉ በልጅነቱ አንድና አንድን፣ ሁለትና ሁለትን እየደመሩ በዜማ መድገም የሚጠላው ነገር እንደነበረ፣ የትሮይ ጦርነት ተረት ግን ይጥመው እንደነበረ ይናገራል። ይኸው ሰው ካደገ በኋላ ስለ ነፃ ፈቃድ በጻፈው መጽሐፍ፣ ሰባትና ሦስት ሲደመሩ አሥር መሆናቸው ትናንትም ዛሬም የማይለወጥ፣ ማንም የግሌ ነው ሊለው የማይችል፣ የሚያስብ አእምሮ ሁሉ በእኩልነት የሚያየው እውነት መሆኑን አስረድቶ፣ ከዚህ ተነሥቶ ወደ አምላክ መኖር ይወጣል። በልጅነቱ የተጠላውና በጉልምስናው ወደ ፈጣሪ መውጫ መሰላል የሆነው ቁጥር አንድ ዓይነት ቁጥር ነው፤ የተለወጠው የቀረበበት መንገድ ነው፤ በመጀመሪያ ከሌላ ሰው አፍ ተቀብሎ የሚደግመው ድምፅ ነበረ፣ በኋላ ግን በራሱ አእምሮ ያየው እውነት ሆነ።

ደስታው የሚፈልቀውም ከዚህ ማየት ነው። አንድ ሕፃን በሦስት ጠጠሮች ላይ ሁለት ጠጠሮች ጨምሮ አምስት ባገኘ ጊዜ፣ ጠጠሮቹን ባቄላ ቢያደርጋቸው፣ ከቀኝ ወደ ግራ ቢቆጥራቸው፣ ወይም በክዳን ቢሸፍናቸው አምስትነታቸው እንደማይለወጥ ሲገባው፣ ከአባቱ ሥልጣንና ከእናቱ ፈቃድ ውጭ የሚቆም ነገር አግኝቷል። በቤቱ ውስጥ የሚያውቀው ደንብ ሁሉ፣ መቼ እንደሚበላና መቼ እንደሚተኛ፣ ታላላቆቹ ስላሉት ብቻ የጸና ነው፤ የሁለትና የሦስት ድምር ግን ታላላቆቹም የሚታዘዙለት ደንብ ነው። በቦረና የገበሬ ልጅና በአዲስ አበባ የነጋዴ ልጅ፣ ከቅዳሴ የሚመለሰውና ከሶላት የሚመለሰው፣ ይህን እውነት በአንድ ልክ ይካፈሉታል፤ አንዱ ስላገኘው ለሌላው አይጎድልበትም።

ፕላቶን በዕድሜው ማብቂያ ሕግጋት በተባለው መጽሐፉ፣ ግብፃውያን ሕፃናትን ሒሳብ የሚያስተምሩት ፖምና የአበባ ጉንጉን ለብዙ ወይም ለጥቂት ሰው እንዲያከፋፍሉ በማድረግ፣ በጨዋታና በፍሥሐ እንደሆነ ጽፎ የአገሩ ሰዎች ይህን ባለማወቃቸው ይወቅሳቸዋል። የአማርኛ ተናጋሪ ቤተሰብ ለዚህ ትምህርት የራሱ መነሻ አለው፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር የማካፈል ትምህርት ነውና። ልጁ ሃምሳ ባቄላ ይዞ ለአንድ ሰው 50፣ ለሁለት 25፣ ለአምስት 10፣ ለአሥር 5፣ ለሃያ አምስት 2፣ ለሃምሳ ደግሞ 1 እንደሚደርስ በእጁ ሲያካፍል፣ የሰው ቁጥር በጨመረ መጠን ድርሻው እንደሚያንስ፣ የሰዉና የድርሻው ብዜት ግን ምንጊዜም ሃምሳ እንደሚሆን ያያል። ለሦስት ሰው ሲያካፍል 16፣ 16 ሆኖ 2 ይተርፋል፤ ለሰባት ሲያካፍል 7፣ 7 ሆኖ 1 ይተርፋል። የተረፈው ለማን ይሰጥ የሚለው ጥያቄ በዚህ ጊዜ ከልጁ አፍ ይወጣል፤ ሒሳብ ስንት እንደተረፈ ይነግረዋል፣ ለማን እንደሚገባ ግን ፍትሕና ርኅራኄ የሚወስኑት ስለሆነ፣ አንድ እፍኝ ባቄላ ልጁን ከቁጥር አንሥቶ ወደ ሥነ ምግባር ያደርሰዋል።

የልጆች ባህላዊ ጨዋታዎችም ይህንኑ ማየት በውስጣቸው የያዙ ናቸው። በአምስት ጠጠር በሚጫወቱት ቅልቦሽ አንዷ ጠጠር ወደ ላይ ተወርውራ እስክትመለስ መሬት ያሉት አራቱ በመጀመሪያ አንድ አንድ፣ ቀጥሎ ሁለት ሁለት፣ ከዚያ ሦስትና አንድ፣ በመጨረሻም አራቱም ባንድ ጊዜ ሲነሡ፣ የተጫዋቿ እጅ አራት የሚከፈልባቸውን መንገዶች በተራ ታሳያለች። በገበጣ ደግሞ ተጫዋቹ ከአንዱ ጉድጓድ ያነሣቸውን ጠጠሮች በቀጣዮቹ ላይ አንድ በአንድ እየዘራ ሲሄድ፣ የመጨረሻዋ ጠጠር የት እንደምታርፍ አስቀድሞ ያሰበ ልጅ ጠጠሮቹን ሳይነካ በአሳብ መደመርና መቀነስ ይጀምራል። ወላጅ በእነዚህ ጨዋታዎች ላይ የሚጨምረው ጥቂት ነው፤ ጠጠሩ ከመነሣቱ በፊት የት ይደርሳል ብሎ መጠየቅና ልጁ የተናገረው እስኪፈተን በትዕግሥት መጠበቅ ይበቃል።

አስቀድሞ ማወቅ የቁጥር ታላቁ ደስታ ስለሆነ፣ የኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር በቤት ውስጥ ላለ ልጅ የተዘረጋ ሰፊ ሜዳ ነው። 12 ወራት በ30 ቀን ሲባዙ 360፣ ከአምስቱ የጳጉሜን ቀናት ጋር 365 ይሆናሉ፤ 365 ደግሞ 52 ሳምንትና 1 ቀን ስለሆነ እንቁጣጣሽ በየዓመቱ አንድ ቀን ወደፊት ይሄዳል፣ ጳጉሜን ስድስት ከሆነችበት ከዘመነ ሉቃስ በኋላ ግን ሁለት ቀን ይሄዳል። መስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ረቡዕ፣ በ2018 ዓ.ም. ሐሙስ መዋሉን የሰማ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልጅ በ2019 ዓ.ም. ዓርብ፣ ከዘመነ ሉቃስ ማግሥት በ2020 ዓ.ም. እሑድ እንደሚውል ያለማንም እርዳታ ሊደርስበት ይችላል። ይህ ልጅ ገና ያልመጣውን ዕለት በአእምሮው ደርሶበታል፤ እንዲህ ያለ ኃይል በእጁ መኖሩን ያወቀ ሕፃን ሒሳብ እንዲወድ በከረሜላ መለመን አያስፈልገውም።

ከዚህ ከፍ ያለው ትምህርት ባሕረ ሐሳብ ነው፤ ባሕረ ሐሳብ ማለት በእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት በድሜጥሮስ ስም የሚጠራ፣ አጽዋማትና በዓላት የሚውሉበትን ዕለት የሚያስገኝ የቤተ ክርስቲያን የሒሳብ ትምህርት ነው። አፄ ገላውዴዎስ (1540–1559 እ.ኤ.አ.) ስማቸው ከተሳሰረበት በአማራ ሳይንት ካለው ጥንታዊው ተድባበ ማርያም ጀምሮ በደጋው ያሉ አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ በዓሉን የሚያከብሩት በዚህ ስሌት ነው። ለ2018 ዓ.ም. ቢሰላ፣ በ2018 ላይ ከክርስቶስ ልደት በፊት የሚቆጠረው 5500 ዘመን ሲደመር ዓመተ ዓለሙ 7518 ይሆናል፤ ይህ ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፣ ከእሱ አንድ ሲነሣ 12 ይቀራል፣ ይህም ወንበር ይባላል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ፣ ማለትም ሠላሳ ሠላሳው ሲወጣለት፣ የሚተርፈው 12 አበቅቴ፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ የሚተርፈው 18 መጥቅዕ ይሆናል። መስከረም 18 ቀን እሑድ ስለሚውል፣ ተውሳክ የተባለው የእሑድ ጭማሪ 7 በ18 ላይ ሲጨመር 25 ሆኖ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ቀን ይገባል፤ ከዚያ 14 ቀን ሲቆጠር ዐቢይ ጾም የካቲት 9፣ 69 ቀን ሲቆጠር ትንሣኤ ሚያዝያ 4 ቀን ይውላል።

በዚህ ስሌት ውስጥ ሊቃውንቱ በቃል የሚያስጠኑት አንድ ድንቅ ነገር አለ፤ አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ዘወትር 30 ይሆናሉ። ለምን የሚለውን ትንሽ ልጅ በአሥር ጣቱ ሊመረምረው ይችላል። 11ንና 19ን በ3ና በ7፣ 30ን ደግሞ በ10 ተክቶ አንድ ቁጥር ይምረጥ፤ 4 ቢመርጥ፣ 4 ጊዜ 3 አሥራ ሁለት ሆኖ አሥሩ ሲወጣ 2 ይተርፋል፣ 4 ጊዜ 7 ሃያ ስምንት ሆኖ አሥር አሥሩ ሲወጣ 8 ይተርፋል፣ 2ና 8 አሥር ናቸው። 6 ቢመርጥ 8ና 2፣ 5 ቢመርጥ 5ና 5 ይተርፉታል። ልጁ በዚህ ተደንቆ ሌሎች ቁጥሮችን ሲሞክር ወላጁ መልሱን ከመንገር ተቆጥቦ፣ ሦስት ጠጠሮችና ሰባት ጠጠሮች አጠገብ ለአጠገብ ቢያኖርለት፣ በእያንዳንዱ ጊዜ የሚጨመሩት 3ና 7 አንድ ሙሉ አሥር ስለሆኑ ጠቅላላ ድምራቸው ከአሥር አሥር ሊወጣ እንደማይችል፣ ስለዚህም ከሁለቱ ወገን የሚተርፉት ተገናኝተው አንድ አሥር መሙላት እንዳለባቸው፣ በአንዱ ወገን ምንም ካልተረፈም በሌላው ምንም እንደማይተርፍ ይገለጥለታል። 11ና 19ም አንድ ሙሉ ሠላሳ ናቸው። አውግስጢኖስ የማይለወጥ እውነት ምሳሌ አድርጎ የመረጠው የሰባትና የሦስት ድምር፣ በዚህ ደጋ ልጅ እጅ የትንሣኤን ዕለት ወደሚያስገኘው ጥበብ መግቢያ በር ይሆናል።

የእስልምና ትምህርትም ለቤት ሒሳብ የሚሰጠው ከዚህ አያንስም፤ ወሎ የታወቀ የእስልምና ዕውቀት አገር ነውና፣ ሉሕ በተባለው የእንጨት ሰሌዳ ላይ ቁርአን የሚማረው ልጅ በቁጥር ተከቦ ያድጋል። የአምስቱ ሶላት ረከዓዎች 2፣ 4፣ 4፣ 3 እና 4 ሲደመሩ በቀን 17 ይሆናሉ፤ ከሶላት በኋላ በተስቢህ የሚባሉት ሦስት ዐይነት ውዳሴዎች በ33 ሲባዙ 99 ይሆናሉ። ከፍ ሲል ፈራኢድ አለ፤ ይህም የሟች ንብረት ለወራሾች የሚከፈልበት ዕውቀት ሲሆን፣ በ9ኛው ክፍለ ዘመን በባግዳድ የሠራው አል-ኸዋሪዝሚ አልጀብራ የሚለውን ስም ለዓለም ባስገኘው መጽሐፉ ውስጥ ሰፊውን ክፍል የሰጠው ለውርስ ስሌት ነው። ሟች ሚስት፣ አንድ ወንድና አንድ ሴት ልጅ ትቶ ዕዳው ከተከፈለ በኋላ 24 በግ ቢተርፍ፣ ለሚስቲቱ ስምንተኛው እጅ 3 ይሆናል፤ የቀረው 21 ወንዱ ሁለት ሴቲቱ አንድ እጅ ሆኖ ሲከፈል 14ና 7 ይደርሳቸዋል። አስተማሪው 20 ትቶ 24 ለምን መረጠ ተብሎ የሚጠየቅ ልጅ፣ ስምንትንም ሦስትንም ያለ ትርፍ የሚቀበል ቁጥር መፈለግ እንዳለበት በራሱ ይደርስበታል።

በዚህ አቋም ላይ ሁለት ከባድ ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ፤ የመጀመሪያው መቁጠር ራሱ በሃይማኖት ዘንድ የሚያስፈራ ነገር መሆኑ ነው። በሁለተኛው መጽሐፈ ሳሙኤል ዳዊት ሕዝቡን በማስቆጠሩ መቅሠፍት መጥቷል፤ በቁርአንም ሱረቱል ሁመዛ ሀብቱን ሰብስቦ የሚቆጥረውን ሰው ይወቅሳል፤ በገጠሩም ልጁንና ከብቱን በቁጥር መናገር የማይወድ ሰው ብዙ ነው። ይሁን እንጂ የመዝሙረ ዳዊት መጽሐፍ ዘመንን መቁጠር ማወቅ ከአምላክ የሚለመን ጥበብ መሆኑን ያስተምራል፤ ቁርአንም ፀሐይና ጨረቃ በስሌት የሚሄዱት ሰዎች የዓመታትን ቁጥር እንዲያውቁ መሆኑን ይናገራል። ስለዚህ የተነቀፈው የእኔ ነው ለማለትና በብዛቱ ለመመካት የሚደረግ ቆጠራ ሲሆን፣ የተመሰገነው ለማመስገን፣ ለማካፈልና ጊዜን ለመጠበቅ የሚደረገው ነው። ሕፃን ይህን ልዩነት ሳይነገረው የሚማረው ቁጥርን በመጀመሪያ ያገኘው በማካፈል ላይ ከሆነ ነው፤ ከአርባ በግ አንዱ ለድሃ የሚወጣበትን የዘካ ደንብ ሲያሰላ ወይም የአሥራትን አንድ አሥረኛ ሲለይ፣ ቁጥር ለመስገብገብ እንዳልተሰጠ ይረዳል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ዕውቀት በድካምና በቅጣት እንጂ በጨዋታ አይገኝም የሚለው ነው። በዚህ ውስጥ እውነት አለ፤ የቆሎ ተማሪ ረሃብና ብርድ ችሎ፣ ደረሳም ከአገር አገር ተንከራትቶ የሚያገኘው ዕውቀት ያለ ጽናት አይገኝም፤ የማባዛት ሠንጠረዥም በቃል መያዝ አለበት። ጽናት ግን ከፍርሃት የተለየ ነው። ዱላ የሚጠብቀው ልጅ 7 ጊዜ 8 ስንት ነው ሲባል የሚመለከተው ቁጥሩን ትቶ የጠያቂውን ፊት ነው፤ ለእያንዳንዱ መልስ ከረሜላ የሚጠብቀውም ልጅ እንዲሁ ዓይኑ ከቁጥሩ ውጭ ነው። ዱላና ከረሜላ ተቃራኒ ቢመስሉም የሚሠሩት አንድ ሥራ ነው፤ ሁለቱም የእውነትን ሚዛን ከነገሩ አንሥተው በሰው እጅ ያኖሩታል። 7 ጊዜ 7 አርባ ዘጠኝ መሆኑን አስታውሶ ሰባት በመጨመር 56 ላይ የደረሰ ልጅ ግን፣ የረሳውን ራሱ መልሶ መሥራት እንደሚችል ስላወቀ፣ ደጋግሞ ማጥናቱን እንደ ቅጣት አይቆጥረውም።

ፊደል ያልቆጠረ ወላጅ ይህን ሊያደርግ አይችልም የሚለው ስጋት የተለመደ ቢሆንም መሠረት የለውም። ፕላቶን ሜኖን በተባለው መጽሐፉ፣ ሶቅራጥስ ጂኦሜትሪ ያልተማረን አንድ አገልጋይ ልጅ በጥያቄ ብቻ እየመራ የአንድን አራት ማዕዘን ስፋት እጥፍ የማድረግን ምሥጢር ሲያስገኘው ያሳያል፤ ልጁ መጀመሪያ ጎኑ እጥፍ ይሁን ብሎ ይሳሳታል፣ ስሕተቱንም ራሱ አይቶ ወደ እውነቱ ይደርሳል። መሶብ የምትሰፋ እናት አንድ ሐረግ ስድስት ስፌት ቢወስድ 48 ስፌት ባለው ዙር ላይ ስምንት ጊዜ ተመላልሶ እንደሚገጥም፣ ሰባት ስፌት ቢወስድ ግን ዙሩ ላይ ሳይገጥም እንደሚቀር በእጇ ታውቃለች፤ እህል በቁና የሚሰፍር አባትም ስንት ቁና ስንት ቤተሰብ ለስንት ወር እንደሚያደርስ ያውቃል። ከእነርሱ የሚጠበቀው ልጁን እንዴት አወቅህ፣ ሌላ መንገድስ አለ ወይ ብሎ መጠየቅ፣ ሲሳሳት አለመቆጣትና ስሕተቱን ጠጠሩ ራሱ እስኪያሳየው መታገሥ ነው።

እንዲህ የተማረ ልጅ ከሁሉ የሚበልጠው ቁጥር ስንት ነው ብሎ የሚጠይቅበት ቀን ይመጣል፤ ምንም ያህል ትልቅ ቁጥር ቢነገረው አንድ መጨመር እንደሚችል ሲያስተውልም፣ ውስን የሆነው አእምሮው ወሰን የሌለውን ነገር ጨረፍ ያደርጋል። የኦርቶዶክስ ሊቃውንት ምሥጢረ ሥላሴን ሲያስተምሩ የአምላክ አንድነትና ሦስትነት እንደ ፍጡራን የሚቆጠር አለመሆኑን ያስጠነቅቃሉ፤ የእስልምና ሊቃውንትም ተውሒድን ሲያስረዱ የአላህ አንድነት ሁለተኛ የሚከተለው የቁጥር አንድ እንዳልሆነ ያስተምራሉ። መቁጠርን ጠንቅቆ ያወቀ ልጅ ይህን ትምህርት በቀላሉ ይረዳል፤ ቁጥር የማይደርስበት ቦታ መኖሩን የሚያውቅ ቁጥር እስከየት እንደሚደርስ ያወቀ ነውና።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው መደምደሚያ፣ ሒሳብን ለሕፃን አስደሳች ማድረግ ለልጁ ድካም ሲባል የሚደረግ ማባበል ሳይሆን ለእውነት የሚሰጥ ክብር መሆኑ ነው። ሰባትና ሦስት አሥር መሆናቸውን በራሱ አእምሮ አይቶ የተደሰተ ልጅ፣ አድጎ በገበያም፣ በዕድርም፣ በርስት ክፍፍልም የቀረበለትን ሒሳብ የተናገረውን ሰው ማዕረግ ሳይፈራ ይመረምራል፤ እርሱ ራሱም ሌላውን በቁጥር ለማታለል ይከብደዋል፤ ያ እውነት የእርሱ ብቻ እንዳልሆነ ከልጅነቱ ያውቃልና። ትምህርት ቤት ተከፈተም ተዘጋ፣ ይህን ደስታ ለልጅ ማድረስ ከወላጅ የሚጠበቅ የአደራ ግዴታ ነው፤ ለዚህም የሚያስፈልገው እፍኝ ጠጠር፣ ቅን ጥያቄና መልሱን ከልጁ አፍ ለመስማት የሚታገሥ ልብ ነው።